ሳህኑ ላይ የቀረችው ቁራጭ

መስከረም 28

ለጋሼ፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ወትሮው ነው። የአንተን ጤና ሁለት ጊዜ ጠይቄህ ሁለቱንም ጊዜ የመለስክልኝ ስለ አየሩ ነው። ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቄያለሁ።

ጥቅሉ ደረሰ ወይ ላልከኝ፣ ማክሰኞ ደርሷል፤ እሽጉም አልተነካም። ዲኮደር የምትለው፣ ትንሿን ባቡርህን በዲጂታል የሚያስኬደው ነገር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰሌዳ ናት፤ ዘጠኝ ሽቦ ተንጠልጥሎባታል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ብርቱካንማ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሁለት ሐምራዊ። ሐምራዊዎቹ ወደ ትንሿ ድምፅ ማጉያ እንደሚሄዱ ከመመሪያው ወረቀት ላይ በአጉሊ መነጽር አንብቤያለሁ። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ፊደል የቆጠረው ከጉንዳን ጋር ሳይሆን አይቀርም።

እሜቴን ትናንት ፈታኋት። እውነቱን ልንገርህና ፈርቼ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የነዳሃትን ሎኮሞቲቭ አሳንሰህ፣ መስኮቷን እንኳ ሳትረሳ በእጅህ የሠራሃት ናት፤ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተማርኩ እንጂ ባቡር አልሠራሁም። የፈታሁትን ሁሉ በተፈታበት ቅደም ተከተል ነጭ ሳህን ላይ ደርድሬያለሁ። ሕጌን ታውቀዋለህ። ሲገጠም ሳህኑ ላይ የተረፈ ነገር ካለ ሥራው አላለቀም። ሠላሳ አራት ዓመት ይህን ሳስተምር አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ቀዩ ሽቦ ወደ የትኛው ጎማ ነው የሚሄደው? ሁለተኛ፣ የሞተሩ ሽቦዎች የቱ ከየቱ ጋር ይበየዳሉ? ሦስተኛ፣ መቼ ነው የምትመጣው? ልጅህ ዘንድ ከሄድክ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። የሄድክ ቀን በሩ ላይ ቆመህ “እሜቴ በዲጂታል መሄድ የጀመረች ዕለት እመለሳለሁ” አልከኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። አሁን ግን መበየጃ ይዤ የተቀመጥኩት በዚያ ቃል የተነሳ ነው።

ሌላው የእጅ ጽሑፍህ ነው። እናታችን በልምጭ ያልተሳካላት በስልሳ ዘጠኝ ዓመትህ ተሳክቶልሃል። የ“ሐ” እግሮች ሦስቱም እኩል ቆመዋል። ማን አስተማረህ?

ወንድምህ

ጥቅምት 9

ለቀይ እስክሪብቶ፣

ደህና ነኝ። ይኸው ተጻፈልህ፤ ቀን አድርግበትና ሳጥን ውስጥ ቆልፈው። ፊደሌ ያማረው ሥራ ፈትቼ ነው። ሰው ሲያርፍ ጽሑፉም ያርፋል።

ቀዩን ከቀኝ ጎማዎች፣ ጥቁሩን ከግራ ጎማዎች ጋር አገናኝ። ብርቱካንማውና ግራጫው የሞተሩ ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር ምንም ዝምድና እንዳይኖረው። እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አንድ ቤት ይኑሩ እንጂ አይነካኩ። ከተነካኩ ዲኮደሩ አለቀለት። ከመክደንህ በፊት በቴስተር አረጋግጥ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ከዲኮደሩ ጋር የላክሁልህ የእጅ መቆጣጠሪያ ቁልፎች አሉት። አንዴ ስትጫነው ፍጥነቱ አንድ ደረጃ ይጨምራል፤ እንደ ድሮው የሚዞር ነገር አይደለም። ቁልፉ ሲጫን “ቀጭ” ይላል ወይ? ለጣት ይታወቃል? ይህን ረጋ ብለህ ንገረኝ።

ስለ መምጣቴ፣ መጀመሪያ እሜቴ ትሂድ።

ጋሼህ

ጥቅምት 21

ለጋሼ፣

ቁልፉ “ቀጭ” ይላል። ለጣትም ይታወቃል። ባለፈው ከጻፍክልኝ ወዲህ በላክኸው አጭር ማስታወሻ ላይ እንደገና ጠይቀኸኛል፤ ሁለት ጊዜ ስለ አንድ ቁልፍ መሆኑ ነው። ጣትህን አቃጠልክ ወይ ብለህ ግን አንዴም አልጠየቅኸኝም። ጠቋሚ ጣቴ ነው፤ የመበየጃው ጫፍ ነካው። እየዳነ ነው፤ አመሰግናለሁ።

ሥራው አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። አንዱ ሽቦ ሲበየድ ሌላው ይላቀቃል፤ ወረንጦ ስይዝ አጉሊ መነጽሩ ይወድቃል፤ መነጽሩን ሳነሳ ሽቦው የት እንደነበር ይጠፋኛል። ግራጫውን ብቻ ሦስት ቀን ታገልኩት። ያስተማርኳቸው ልጆች ቢያዩኝ የሠላሳ አራት ዓመት ቂማቸውን ይወጡብኝ ነበር።

ያም ሆኖ በቴስተር ለክቻለሁ። ሞተሩን ከእያንዳንዱ ጎማ ጋር፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር፣ አንድ በአንድ። ምንም ግንኙነት የለም። ደብተሬ ላይ በሰዓቱ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ልከድን ስል አንዲት ቁራጭ ሳህኑ ላይ ተርፋ አገኘሁ። ከሞተሩ አጠገብ መጀመሪያ የነቀልኳት ናት። እንደነበረች መልሼ ገጠምኳት፤ ሳህኑም ባዶ ሆነ። ለማንኛውም ከላይ ፎቶ አንስቼ ዕቃዎቹን ከ1 እስከ 9 ቆጥሬ ልኬልሃለሁ። ያቺ ቁራጭ ቁጥር 7 ናት። ሥዕል ባለበት ማብራሪያ ትርፍ ነውና አላብራራም፤ በዓይንህ እያት። እስክትመልስልኝ ድረስ ኤሌክትሪክ አልሰጣትም።

በማስታወሻህ በስልክ ብንጨርሰው ማለትህን አልተቀበልኩም። በስልክ የተነገረ ነገር ይተናል፤ የተጻፈ ግን ይመሰክራል። በኋላ “ብዬህ ነበር፣ አላልከኝም” እንዳንባባል ነው።

ክፍልህ እንዳለ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ግን ያንተ ወንበር የጋዜጣ መከመሪያ ሆኗል።

ወንድምህ

ኅዳር 2

ለቀይ እስክሪብቶ፣

ጣትህን እግዜር ይማርልህ። ቅቤ አትቀባው።

ፎቶው ደርሷል። ጥሩ ፎቶ ነው፤ ሁሉም በየቦታው አለ። ቁጥር 7ም በደንብ ገብታለች። ክደናትና ኤሌክትሪክ ስጣት።

ስትነሳ ጡሩምባዋን ንፋ፤ ከእጅ መቆጣጠሪያው ጥግ ያለው ቁልፍ ነው። ድምፁ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ጻፍልኝ። ሳትቸኩል ጻፈው።

ጋሼህ

ኅዳር 11

ጋሼ፣

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አቀርባለሁ።

እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እሜቴን ሐዲዱ ላይ አስቀምጬ ኤሌክትሪክ ሰጠኋት። እስከ ሁለት እንኳ አልቆጠርኩም። ከመስኮቷ የክር ያህል ጭስ ወጣ፤ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ዲኮደሩ መሐሉ ጠቁሮ አብጧል። ለጡሩምባ አልደረስንም።

ሰኞ የፎቶውን ቅጂ ይዤ መንገዱ ማዶ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ፤ ሰፈሩ “ሐኪሙ” የሚለው ነው። ሰውየው ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ፣ መነጽሩንም ሳያደርግ፣ ጣቱን ቁጥር 7 ላይ አሳርፎ ይችን እዚህ ማን ተዋት አለኝ። የናስ መቆንጠጫ ናት፤ የግማሽ ክብሪት እንጨት ርዝመት አላት። በድሮው አሠራር የሞተሩን አንድ ወገን ከሻንሲው ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። ዲኮደር ሲገባ ወጥታ መቅረት አለባት። እኔ የለካሁት እሷ ሳህን ላይ እያለች ነው። ከለካሁ በኋላ መልሼ ከተትኳት፤ ዳግም ግን አልለካሁም። ተማሪ ቢሆን ዜሮ ሰጥቼው ወላጅ አምጣ እለው ነበር። የኔን ድርሻ ይኸው አምኛለሁ።

አሁን ወደ አንተ ድርሻ። መቆንጠጫዋን ቆርጠህ ያጠፍካት አንተ ነህ። ሞተሩ ከሻንሲው እንዳይነካካ የጻፍክልኝም አንተ ነህ። ቁጥሯን ሳይቀር ጠርቼ፣ በዓይንህ እያት ብዬ ለመንኩህ። ሻይ የሚጠጣ ሰው ከባንኮኒ ማዶ ያያትን አንተ “በደንብ ገብታለች” አልከኝ። ስለዚህ ወይ ፎቶውን አላየኸውም፣ ወይ አይተህ ዝም ብለሃል። ሦስተኛ አማራጭ ፈልጌ አላገኘሁም።

አይተህ ዝም ካልክ ምክንያቱ ይገባኛል። እሜቴ ካልሄደች ቃልህ አይደርስም፤ እኔም ዓመት እስከ ዓመት መበየጃ ይዤ እቀመጣለሁ፤ አንተም “አልመጣም” ከማለት ትድናለህ። ጋሼ፣ “አልመጣም” አምስት ፊደል ነው። ይህን ያህል ባማረ እጅ ጽሑፍ አምስት ፊደል መጻፍ እንዴት ያቅትሃል?

ሰላምታዬን ለልጅህ አድርስልኝ።

ወንድምህ

ኅዳር 19

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ፣ የወንድምዎ ልጅ ነኝ። እስካሁን የደረሱዎትን ደብዳቤዎችም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ያመሰገኑት “ሐ” የእኔ ነው። ስፌት ላይ ስለምውል እጄ ቀጥ ያለ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ለአባቴ ያነበብኩለት የስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ሁለት ቦታ ላይ አቋረጥኩ፤ ቀጥዪ አለኝ፤ ጨረስኩት። ከዚያ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። መርፌውን ሦስት ጊዜ ሰበርኩት። ከሰዓት በኋላ እንዲህ አለኝ፦ “ዓይኔ እንደጠፋ ንገሪው። ዙሪያ ጥምጥም አይወድም፤ በቀጥታ ጻፊለት። ይቅርታ ግን አትጠይቂልኝ። እሱን ራሴ ነኝ የምጠይቀው።”

አጎቴ፣ ነገሩ የጀመረው ገና እናንተ ቤት እያለ ነው። የደረጃውን እርከን እየቆጠረ ይወጣ እንደነበር ነግሮኛል፤ አሥራ አራት ነው አይደል? እዚህ ሲመጣ “ለጥየቃ ነው” ያለዎት ለሐኪም ነበር። አሁን መስኮቱ ከግድግዳው የት ላይ እንደሚለይ ብቻ ያውቃል። ፊት አይለይም። የኔንም ጭምር።

ፎቶውን ያየሁት እኔ ነኝ። ቁጥር ሰባት ምንድን ናት አለኝ፤ ትንሽ የምታብለጨልጭ ነገር አልኩት። ሽፋኑን የምትይዘዋ ብሎን ትሆናለች፣ በደንብ ገብታለች ወይ አለኝ፤ ገብታለች አልኩት። መጠየቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን መቆንጠጫ የማውቀው ቀሚስ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው አማራጭ እኔ ነኝ።

ለምን እንዳልነገረዎት ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቀናል። ግድግዳ እየዳበስኩ ስሄድ ወንድሜ እንዲያየኝ አልፈልግም ይላል። እሱ ስህተት አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም፣ ወንበር ሲገጨኝ ወንበሩን ያነሳል፣ ቀጥሎ እኔን ማንሳት ይጀምራል ይላል። ሲሳደብ እንዳይመስልዎት፤ ሲፈራዎት ነው።

ይህን ዲኮደር የመረጠውም ለዚሁ ነው። ቁልፉን ሲጫን እየቆጠረ፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፣ ሳያይ መንዳት ይችላል። እቅዱ ለእርስዎ መጀመሪያ እሜቴን በጆሮው ነድቶ ሊያሳይዎት፣ ከዚያ ስለ ዓይኑ ሊነግርዎት ነበር። የቃጠሎው ዜና ከመድረሱ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ጠረጴዛ ላይ የአዝራር ሣጥኔን መቆጣጠሪያ አድርጎ ይለማመድ ነበር። “ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ጣቢያ ደረስን” ሲል እሰማዋለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰ ወዲህ ሣጥኑን አልነካውም።

ለመጠባበቂያ ገዝቶት የነበረውን ሁለተኛውን ዲኮደር ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ላኪ አላለኝም፤ አትላኪም አላለኝም።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 30

ለጋሼ፣ ለምታነብልህም ለልጄ፣

ልጄ፣ ከዚህ ደብዳቤ አንድም ቃል አትዝለዪ። የሚያስከፋውንም አንብቢለት።

ጋሼ፣ አምስቱን ፊደል መልሼ ወስጃለሁ። አጠፋሁ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ አንዱ በጣም ረጅም ነበር፣ አንዱ ስድብ ነበረው፣ አንዱ ደግሞ አለቀሰ።

ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፤ ወጣልኝ ብል እዋሻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ፈተና ሳርም ማን ከማን እንደገለበጠ ከአንድ ሰረዝ የማውቅ ሰው፣ የሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ አመሰገንኩ። ደረጃ ላይ እየቆጠርክ ስትወጣ ከኋላህ ነበርኩ፤ የምትዘምር መስሎኝ ነበር። በአንተም የተናደድኩት በራሴም የተናደድኩት እኩል ነው፤ ለክቼዋለሁ።

ወደ ሥራው። ሁለተኛውን ዲኮደር በአምስት ቀን ገጠምኩት። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ለካሁ፣ ከደንኩ፣ ደግሜ ለካሁ። መቆንጠጫዋ ሳህኑ ላይ ቀረች። እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቀኝ፤ ሽፋኑን ከደንኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሳህኑን አይቼዋለሁ።

እሜቴ ሄደች።

ጡሩምባዋ ወፍራም ነው። ሲጀምር ደረቱን ሞልቶ ይጀምርና ሲያልቅ ትንሽ ይሰነጠቃል፤ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ሲጣራ ይመስላል። ሞተሯ እስከ ሦስተኛው ደረጃ ያጉረመርማል፣ ከአራተኛው በላይ ይዘፍናል። በስምንተኛው ደረጃ አንዱን ዙር በአርባ አንድ ሰከንድ ትጨርሳለች። ድልድዩ ላይ ስትወጣ የጎማዋ ድምፅ ባዶ ይሆናል፤ ከድልድዩ እስከ ጣቢያው ስድስት ሰከንድ ነው።

አናጢ ጠርቼ ሐዲዱ የተዘረጋበትን የባቡሩን ጠረጴዛ ከፎቁ ወደ ምድር ቤቱ አወረድኩት። በጠረጴዛው ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን ጣውላ አስመታሁበት። ጣቢያው ትክክል ላይ አንድ የሚስማር ራስ፣ ድልድዩ ላይ ሁለት፣ ዋሻው ላይ ሦስት አለ፤ በጣት ይገኛሉ። ከዚያ ዓይኔን በሻርፕ አስሬ ራሴ ለመንዳት ሞከርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ። ዘጠኙን ጣቢያውን አልፌ ሄድኩ፣ ሁለቱን ሳልደርስ ቆምኩ። አናጢው መጋዙን አስቀምጦ ሳቀብኝ፤ መሳቅ መብቱ ነው። እኔ መምህር ነኝ እንጂ ነጂ አይደለሁም። ነጂ ያስፈልገኛል።

ወንበሮቹን ሁሉ ግድግዳ አስጠግቻለሁ። ከዚህ በኋላ አላንቀሳቅሳቸውም፤ አንተንም አላነሳህም። ብትገጭ ግን ዝም እላለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ ይህን እንደማልችል አንተም ታውቃለህ፤ እሞክራለሁ።

ያንተ ወንበር ላይ የነበረውን ጋዜጣ አንስቻለሁ።

ፖስታው ውስጥ ሌላ ትንሽ ነገር አለ። ልጄ፣ ምን እንደሆነች ሳትነግሪው መዳፉ ላይ አድርጊለት።

ወንድምህ

ታኅሣሥ 8

ለቀይ እስክሪብቶ

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ልጄ የስፌት ማስመሪያዋን ይዛልኛለች። መስመር ላይ መስመር ከወጣ ማስመሪያው ተንሸራቶ ነው። ማረም ትችላለህ።

ይቅርታ። ይህን ቃል በሰው እጅ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

መቆንጠጫዋን ወዲያው አወቅኋት። ጫፏን በጥርሴ ያጠፍኩበት ምልክት አሁንም አለ።

ዘጠኝ ጊዜ ጣቢያ ማለፍ? መንጃ ፈቃድህን በአደባባይ ይቀድዱብህ ነበር። ጣቢያ ስትደርስ አይደለም የሚቆመው። ድልድዩ ባዶ ድምፅ ሲያሰማ መቀነስ ትጀምራለህ። መጥቼ አሳይሃለሁ።

ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር እንመጣለን። ልጄ አድርሳኝ ትመለሳለች። ሻንጣዬ ትልቁ ነው። ጣቢያው ላይ እጄን አትያዘኝ። ክንድህን ስጠኝ፣ እኔ እይዘዋለሁ። ደረጃ ሲሆን ደረጃ በል፤ ሌላ ማብራሪያ አልፈልግም።

መቆንጠጫዋ ኪሴ ውስጥ ናት። አንዲት ቁራጭ ተርፋለችና በአንተ ሕግ ሥራው አላለቀም።

ጋሼህ